በልቅሶ ምክንያት የተዘጋ ኔትወርክ

ድንኳኑ የተተከለው እኔ ግቢ ውስጥ ነው። ከፊት፣ ከዕድሩ ረጅም ጠረጴዛ ኋላ፣ ከዞን የመጡት ኃላፊ ቆመዋል፤ ጫማቸውን ጭቃ እንዳይነካባቸው አንድ እግራቸውን ድንጋይ ላይ አሳርፈዋል። ከእሳቸው በስተግራ፣ ዕቃ ቤቱ በር ላይ፣ ከዳንግላ የመጣችው ኢንጂነር ፒንሳ ይዛ ትጠብቃለች። የዕድራችን ዳኛ አያ ምናለ ከድንኳኑ መካከለኛ ምሰሶ ሥር ናቸው፤ እናታቸውን በቅርቡ ስለቀበሩ ጥቁር ለብሰዋል። ባለሱቁ ሐጂ ሰይድ ድንኳኑ በማያፈስበት ብቸኛ ቦታ ቆመዋል፤ ይህን ቦታ በየልቅሶው እንዴት እንደሚያገኙት እስካሁን አልገባኝም። ጎረቤቴ ወይዘሮ ጥሩነሽ ከድንኳኑ ጀርባ ከንፍሮው ድስት ጋር ናት። አያ ፈንቴ ከአጥሩ ውጭ አዲሱን ፈረሳቸውን ይዘው ቆመዋል፤ ፈረሱ ድንኳን ያስደነግጠዋል እንጂ እሳቸውስ መግባት ይወዱ ነበር። የቀረው የሰፈር ሰው በየአግዳሚው ተቀምጧል።

እኔ የግቢው በር አጠገብ ነኝ። እግሬ ሥር አንዲት ቦርሳ አለች። ስለ ቦርሳዋ በኋላ እናገራለሁ።

የተሰበሰብነው ኔትወርክ ልንዘጋ ነው።

ድንኳኑን ያዘዙት አያ ምናለ ናቸው። የእንጅባራን ዝናብ የሚያውቅ ሰው አይፈርድባቸውም። «የመንግሥት እንግዳ ዝናብ እየመታው ንግግር አያደርግም» አሉ። ዕድራችን ያለው ድንኳን ደግሞ አንድ ብቻ ነው፤ ሰፈሩም ያን ድንኳን ሲያይ የሚያስበው አንድ ነገር ብቻ ነው። ገመዱ ገና ሳይወጠር ከታችኛው መንደር ሴቶች ነጠላቸውን አዘቅዝቀው እያለቀሱ ገቡ። አንዷ አንገቴ ላይ ተጠምጥማ «ምነው እትዬ፣ ትናንት ደህና አልነበሩ!» ብላ አነባች። ስለ ማን እንደምታለቅስ ለመጠየቅ ከበደኝ፤ ስለ እኔም ሊሆን ይችላል። ቀና ስትል ጥሩነሽን «ለመሆኑ ማን ነው የሞተው?» አለቻት።

«ኔትወርኩ ነው» አለች ጥሩነሽ።

ሴትዮዋ ትንሽ አሰበች። «እሱም የሰፈር ነው» ብላ አግዳሚው ላይ ተቀመጠች፤ ንፍሮም ዘገነች።

ንፍሮውን የቀቀለችው ጥሩነሽ ናት። ጠዋት «ለመንግሥት እንግዳ ንፍሮ ይቀርባል እንዴ?» ብላት «እትዬ፣ እኔ በዚህ ድንኳን ሌላ ነገር አቅርቤ አላውቅም፤ ሌላ ልሥራ ብል እጄ እንቢ አለኝ» አለችኝ። እውነቷን ነው። የሰፈራችን ችግር ሁሉ ከዚህ ይጀምራል። እጃችን አንድ ነገር ከለመደ ሌላ አይሠራም።

ኔትወርኩ ሲመጣ እንዲህ አልነበረም። የመጣው በመንግሥት በጀት ነው፤ ስሙን የማልጠራው አንድ መሥሪያ ቤት አመጣው። ሰፈራችን ጉድባ ውስጥ ስለሆነ የስልክ ኔትወርክ እንኳ የሚገኘው አንገት ሲሰገግ ነው። እኔ ግቢ ግን ከፍ ያለ ነው፤ ወደ ዘንገና ሐይቅ የሚወስደው መንገድ ሳይቀር ከዚህ ይታያል። ስለዚህ ረጅሙ የብረት ማማ እኔ ጓሮ ተተከለ፤ በየቤቱ ጣሪያ ላይም አንዳንድ ነጭ ሣህን ተሰቀለ። ብረቱ የሚያየው ሣህን ሁሉ ፈጣን ኢንተርኔት ያገኛል፤ ለትምህርት ቤቱም፣ ለጤና ኬላውም፣ ለገበሬውም። ያን ቀን ንግግር ያደረጉት ሌላ ኃላፊ ነበሩ። «ይህ የሕዝብ ሀብት ነው፤ ሕዝቡ ራሱ ያስተዳድረዋል» ብለው፣ ተጨብጭቦላቸው፣ መኪናቸው ውስጥ ገብተው ሄዱ።

እኛም ተያየን። ሕዝቡ ያስተዳድረው ሲባል እኛ የምናውቀው አስተዳደር ዕድር ነው። ሌላ አናውቅም። አያ ምናለ የዕድሩ ዳኛ ስለሆኑ የኔትወርኩም ዳኛ ሆኑ። ሐጂ ሰይድ የዕድሩ ገንዘብ ያዥ ስለሆኑ የኔትወርኩም ሆኑ። እኔ በትምህርት ቤት ንብረት ክፍል ሠርቼ ጡረታ የወጣሁ በመሆኔ የዕድሩ ዕቃ ጠባቂ ነበርኩ፤ ስለዚህ ድስቱ፣ ጭልፋው፣ አግዳሚውና ድንኳኑ ባሉበት ዕቃ ቤት የኔትወርኩም ሳጥን ገባ። ግድግዳው ላይ፣ ከትልቁ ብረት ድስት በላይ፣ አረንጓዴ መብራቱን እያበራ ተሰቀለ። ቁልፉ እኔ ዘንድ ሆነ።

መጀመሪያ ላይ መልካም ነበር ማለት ይቻላል። ልጁን የሚድር ሰው መጥቶ «እትዬ፣ ድስቱንና አግዳሚውን ፈቅደውልኛል፤ ኔትወርኩንስ ለሠርጉ ማዋስ ይቻላል?» ሲለኝ ወደ ዳኛው መራሁት። አያ ምናለ አስበውበት ፈቀዱ። ኢንጂነሯ በስልክ አስረድታኝ፣ ሠርጉ እስኪያልፍ የሌላውን ሰው ሁሉ ዘግተን ለሠርገኛው ብቻ ለቀቅን። ሰውየው ሠርጉን ጨርሶ ድስቱን ሲመልስ «ኔትወርኩም ይኸው፣ ምንም አልተሰበረም» ብሎ አስረከበኝ። እኔም ዞር ዞር ብዬ አይቼ ተረከብኩ። ስረከብ ምን እንዳየሁ ግን እኔም አላውቅም።

እኔ ራሴ ይህን ኔትወርክ ለምን እንደምፈልገው ሰፈሩ አይጠይቅም ነበር። አሮጊት ምን ታደርገዋለች ብለው ይሆናል። እኔም አልነገርኳቸውም፤ ነገሬን ማውራት አልወድም።

ጫግኒ ወንድም አለኝ። ስመኘው ይባላል፤ ልብስ ሰፊ ነው። ልጅ ሳለን ብርቱ በሽታ ይዞት ጆሮውን ወሰደው። በዚያን ጊዜ መስማት ለተሳነው ልጅ ትምህርት ቤት የሚባል ነገር ስላልነበረ ሁለታችን የራሳችንን የእጅ ንግግር ፈጠርን። ዝናብ ይህ ነው፣ እናታችን ይህች ናት፣ ቄሱ እንዲህ ናቸው እያልን ከልጅነታችን ጀምሮ ስንጨምርበት አደግን። ስመኘው ዛሬ ከሴት ልጁ ጋር ይኖራል፤ ልጁም ብላ፣ ና፣ ተኛ፣ ስንት ነው የሚለውን ታውቃለች። ከዚያ ያለፈውን ግን የምናውቀው እኔና እሱ ብቻ ነን። እሱ ማንበብ አይችልም። እኔ መኪና አይስማማኝም፤ የቁልቁለቱን ጥምዝምዝ ሳስበው ብቻ ሆዴ ይገለበጣል፣ ዳሌዬም መቀመጥ አይችልም። እሱ ደግሞ ደጋ ሲወጣ ደረቱን ያመዋል። ስለዚህ ብዙ ዘመን ሳንነጋገር ኖርን። ሰላምታ እንላላክ ነበር፤ ሰላምታ ግን ንግግር አይደለም።

የስልኩን ኔትወርክ ሞክረነዋል። ምስሉ ይቆማል። ስመኘው እጁን እንዳነሣ ደርቆ ይቀራል፤ እጁ ከዚያ ወዴት ሊሄድ እንደነበረ ስለማላውቅ «ታመምኩ» ይበል «ጠገብኩ» ይበል አይለይም። የሕዝቡ ኔትወርክ ከመጣ በኋላ ግን ምስሉ እንደ ውኃ ይፈስ ጀመር። ስመኘው አመሻሽ ላይ የስፌት መኪናውን ከድኖ፣ ስልኩን ክር ማስቀመጫው ላይ አስደግፎ፣ ይጠብቀኛል። እኛም እናወራለን። ኔትወርኩን የምፈልገው ለዚህ ብቻ ነው።

ወደ ነገሬ ልመለስ።

ሰፈራችን ውስጥ የመጀመሪያው ሰው ሲሞት ሟቹ ቤት እየተለቀሰ፣ አጥሩን ተሻግሮ ባለው ቤት ዘፈን በኢንተርኔት ተከፍቶ ይጮኽ ነበር። ከፋቹ ሆን ብሎ አይደለም፤ ሞቱን አልሰማም። ነገር ግን የሟች ዘመዶች ተነሥተው ሰው ሊደባደብ ሆነ። አያ ምናለ በዱላቸው መሬቱን መትተው «በሐዘን ጊዜ ሬዲዮ ይዘጋል፤ ይህም ይዘጋ!» አሉ። ወደ እኔ ዘወር ብለው «እትዬ፣ ሣልስት እስኪወጣ ያጥፉት» አሉኝ። ሄጄ ማብሪያ ማጥፊያውን ተጫንኩ። አረንጓዴው መብራት ጠፋ። ሰፈሩ ጸጥ ሲል ሁሉም «እንዲህ ነው እንጂ! ክብር ማለት ይህ ነው» አለ። እኔም ደስ አለኝ። ስመኘው ግን ጫግኒ ቁጭ ብሎ ይጠብቅ ነበር።

በአራተኛው ቀን ስከፍተው ስመኘው መዳፉን ዓይኑ ላይ አድርጎ ገለበጠው። በእኛ ንግግር ሞት ማለት ነው። ማን እንደሞተ ነገርኩት።

አንዴ ለአንዱ ከተዘጋ ለሌላው አለመዝጋት እንዴት ይቻላል? ቀጥላ የሞተችው የአንድ ደሃ እናት ነበረች። ልጇ ዳኛው ፊት ቆሞ «የእኔ እናት ከእሱ አባት በምን ታንሳለች?» አለ። ተዘጋ። ከዚያ መርዶ መጣ። አጎቱ ሩቅ አገር የሞተበት ሰው «ሬሳው እዚህ ባይኖርም ሐዘኑ እዚህ ነው» ሲል ተዘጋ። ከዚያ የሐጂ ሰይድ ታላቅ እህት ዳንግላ ውስጥ አረፈች። ሐጂ ራሳቸው መጥተው ለመኑን።

«በአላህ ይሁንባችሁ፣ በእኔ ሐዘን ሰው ኢንተርኔት አይጣ» አሉ።

«ሐጂ፣ ዕድሩ ሰው አያበላልጥም» አሉ አያ ምናለ። «ለክርስቲያኑ ዘግተን ለእርስዎ ብንተው ምን ይባላል? የእርስዎስ ሐዘን ሐዘን አይደለም ወይ?»

«ሐዘኔ እኮ ልቤ ውስጥ ነው! ሳጥኑ ውስጥ አይደለም!»

«ይዘጋ» አሉ አያ ምናለ። ሐጂ ሰይድ በኀዘናቸው ላይ ሌላ ኀዘን ጨምረው ሄዱ።

የመጨረሻውን መጨረሻ ያሳዩን አያ ፈንቴ ናቸው። አያ ፈንቴ በወጣትነታቸው ፈረስ ላይ ከወጡ የሚደርስባቸው አልነበረም ይባላል፤ በእርጅናቸውም ከፈረሳቸው በቀር ወዳጅ የላቸውም። ያ ግንባረ ነጭ ቦራ ፈረሳቸው ሲሞት መጥተው አያ ምናለ ፊት ተቀመጡ። መጀመሪያ በአገውኛ ጀመሩ፤ ሆድ ሲብሳቸው እንዲያ ነው። ቀጥሎ በአማርኛ፣

«አያ ምናለ፣ አንተ የፈረስ አገር ሰው ነህ። ላንተ አልነግርህም» አሉ።

«አያ ፈንቴ፣ ፈረሱ እኮ የዕድር አባል አልነበረም።»

«ስንቱን ባለ ዕድር ቀብር አድርሷል! ጭኖ ያልወሰደው ሽማግሌ አለ?»

አያ ምናለ ለማንም ደፍረው እንቢ የሚሉ ሰው አይደሉም፤ ዳኛም የተደረጉት ለዚህ ነው። «ለፈረሱ እስከ ምሳ ሰዓት ይዘጋ» ብለው ፈረዱ። ዘጋሁ። ጤና ኬላው ስልክ ደውሎ ምን እንደሆነ ሲጠይቀኝ «ልቅሶ ነው» አልኩ። የማን እንደሆነ አልተናገርኩም። ከዚህ በላይ መዋረድ አልፈለግሁም።

በዚያን ሰሞን ስመኘው ስልኩን ስከፍት ማን እንደሞተ መጠየቁን ትቶ ነበር። እጁን ዘርግቶ ጠራርጎ፣ ባዶውን አሳየኝ። ሰፈርሽ አለቀ ወይ ማለቱ ነው። ሳቅን። ሳቃችን ሲያበቃ ሌላ ነገር አለኝ፤ እኔ የሞትኩ ቀን እንዳትዘጊው አለ። ወሬ ለወጥኩ።

ኢንጂነሯ ከዳንግላ የመጣችው ከዚያ በኋላ ነው። ዕቃ ቤቱ ገብታ ሳጥኑን ከፈተች፣ ገመዱን ነካካች፣ ከድስቶቹ መሐል ቁጢጥ ብላ ራሷን ያዘች።

«እማማ፣ ምንም ብልሽት የለውም። እኛ ቢሮ ግን እየጠፋ ይታየናል። መብራት ነው?»

«ልቅሶ ነው» አልኳት።

ሳቀች። እኔ እንዳልሳቅሁ ስታይ ተወች። ሁሉንም ነገርኳት፤ የፈረሱን ግን ዘለልኩ። ፈረሱን አያ ምናለ ነገሯት።

ቁም ነገሩን የሰማነው ያን ዕለት ነው። መሥሪያ ቤቱ ከዚህ በኋላ በጀት የሚሰጠው ሰው ለሚጠቀምበት ኔትወርክ ብቻ ነው። ያለዚያ ማማው፣ ሣህኑ፣ ሳጥኑ፣ ሁሉም ተነቅሎ የሚሄድ ነው። «የሚመጣው ሳምንት የመመዘኛ ሳምንት ነው» አለች ኢንጂነሯ። «ከላይ ሆነው ያዩታል። ሰው ከተጠቀመበት ይቀጥላል። ካልተጠቀመበት ተነቅሎ ጥሊሊ ይተከላል።»

«ጥሊሊ ሰው አይሞትም?» አለች ጥሩነሽ።

«ይሞታል። ግን ኔትወርኩን አይዘጉም።»

«ምን ዓይነት ሰዎች ናቸው!» አለች ጥሩነሽ።

አያ ምናለ ተነሡ። ሁላችንንም አስማሉን። ማንም ይሙት ማን፣ በመመዘኛው ሳምንት ኔትወርኩ አይዘጋም ተባለ። «የእኔ የራሴ ሰው ቢሞት እንኳ!» አሉ፤ ዱላቸውንም ከፍ አደረጉ። ኢንጂነሯ ደስ ብሏት ሄደች።

የመመዘኛው ሳምንት በገባበት ዕለት ገና ሲነጋ የአያ ምናለ እናት አረፉ።

እኚህ ሴት ሰፈሩን በሙሉ ያሳደጉ ናቸው። አብዛኛው ሰው ሲወለድ እትብቱን የቆረጡት እሳቸው ናቸው። እና ለፈረስ የተዘጋ ኔትወርክ ለእሳቸው ክፍት ሊሆን ነው። ቀብር መልስ ድንኳን ውስጥ ከሴቶቹ ጋር ተቀምጬ ሰው ሁሉ የሚያየው አንገቴ ላይ ያለውን ቁልፍ ነበር። አንዷ ተጠግታ «እትዬ፣ መቼም ሰው ነን» አለችኝ። ሌላዋ «ምናለ በአፉ አትዝጉ ይበል እንጂ ልቡ አይልም» አለች። ጥሩነሽ አልቅሳ ስትጨርስ «ነግ በእኔ ነው፤ ለእኔም ሳትዘጉልኝ ልትቀብሩኝ ነው?» አለች። አያ ምናለ ራሳቸው ቀስ ብለው መጥተው ጎንበስ አሉ።

«እትዬ፣ አልዘጉትም አይደል?»

«አልዘጋሁትም።»

«ደግ አደረጉ» አሉ። ዓይናቸው ግን ሌላ ይል ነበር። እንዲህ ያለ ዓይን ላለማየት መሬት መሬት አየሁ።

አልዘጋሁትም። ለመንግሥት ንብረት ብዬ አይደለም፤ ለመሐላውም ብዬ አይደለም። ማማው ከተነቀለ ስመኘው እንደገና በሰላምታ ብቻ የሚኖር ሰው ይሆናል። አመሻሽ ላይ ቤቴ ገብቼ ስልኩን ከፈትኩ። የማን ልቅሶ እንደሆነ ነገርኩት። እናታችንን የሚያውቁ ሴት ስለነበሩ ስመኘው ቆቡን አወለቀ። ታዲያ ለምን ክፍት ሆነ አለኝ። ከዘጋነው ይወስዱታል አልኩት። ስለ ሟቿ በእጃችን ብዙ አወራን። በየቀኑ እንዲሁ። ልቅሶ ውዬ፣ አመሻሽ ላይ ስመኘውን አገኛለሁ። ሌላውም ሰው በየቤቱ ገብቶ የየራሱን ይከፍታል ብዬ አስቤ ነበር። መሐላ ነዋ።

ሳምንቱ ሲያልቅ ኢንጂነሯ ደወለችልኝ።

«እማማ፣ ዘጋችሁት እንዴ?»

«አንድም ቀን አልዘጋሁም። መብራቱ አረንጓዴ ነው።»

«ታዲያ ሰዎቹ የት ሄዱ?»

ሰዎቹ የትም አልሄዱም። እየጠየቅሁ ዞርኩ። ሳጥኑ ክፍት ነበር፤ ሰፈሩ ግን ስልኩን ዘግቶ ተቀምጦ ነበር። ሐጂ ሰይድ «ምናለ በእኔ ሐዘን ጊዜ የዘጋ ሰው ነው፤ እንዴት እከፍታለሁ?» አሉ። ሁሉም እንዲሁ፤ ትምህርት ቤቱና ጤና ኬላው ሳይቀሩ። አንዱ ሌላው ይከፍታል ብሎ፣ ሌላው ከፍቶ እንዳይታይ ፈርቶ፣ ሳምንቱን በሙሉ ማንም አልነካውም። ሰፈራችን ከዚያ በፊት እንዲህ ተስማምቶ አያውቅም።

የመሥሪያ ቤቱ ውሳኔ ቶሎ ደረሰ። ትናንት አመሻሽ ለስመኘው ልነግረው ሞከርኩ። ነገ ይዘጋል አልኩት። መዳፉን ዓይኑ ላይ አድርጎ ገለበጠ፤ ዛሬስ ማን ነው ማለቱ ነው። ማንም አልሞተም፣ ይዘጋል፣ አይከፈትም አልኩት። ፈገግ አለ። ጣቶቹን አሳይቶ፣ እስከ ሣልስት፣ ገብቶኛል አለኝ። አይደለም ስል ጭንቅላቴን ነቀነቅሁ። «ከእንግዲህ የለም» የሚል ቃል በእጃችን ውስጥ እንደሌለ ያወቅሁት ያን ጊዜ ነው። እንዴት ልፍጠረው ብዬ እጄን ሳነሣ ጫግኒ መብራት ጠፋና ስመኘውም ጨለማው ውስጥ ጠፋ። በአራተኛው ቀን ስልኩን አስደግፎ እንደሚቀመጥ አውቃለሁ። በአምስተኛውም።

ቦርሳዋን ያዘጋጀሁት ለዚህ ነው።

እንግዲህ ኃላፊው ንግግራቸውን ጀምረዋል። ድንኳኑ ስላደናገራቸው ይሁን ንፍሮው፣ ድምፃቸው የልቅሶ ቤት ድምፅ ሆኗል። መንግሥት ብዙ ወጪ እንዳወጣ፣ ሀብቱ ከሕዝብ እንደመጣ፣ የሚያሳዝን መሆኑን ተናገሩ። የመሐል አግዳሚው ላይ ያሉት ሴቶች ከንፈር መጠጡ። ኃላፊው ይህን ሲሰሙ በረቱ።

«በመመዘኛው ሳምንት በሰፈሩ በሙሉ የታየው ተጠቃሚ አንድ ብቻ ነው» አሉ። «አንድ ሰው! በየቀኑ፣ አመሻሽ ላይ!»

ድንኳኑ ውስጥ ሁሉም ሰው እርስ በርሱ ተያየ። አመሻሽ ላይ ሁሉም አያ ምናለ ድንኳን ውስጥ ነበር። ወደ ቤቷ ትገባ የነበረችው አንዲት ሴት ብቻ ናት። አንድ በአንድ አንገት ሁሉ ወደ እኔ፣ ወደ በሩ ዞረ። መጨረሻ የዞሩት አያ ምናለ ናቸው።

«እትዬ፣ እርስዎ ነበሩ?»

«እኔ ነበርኩ።»

«በእናቴ ሐዘን?»

«በእናትዎ ሐዘን።»

«ከማን ጋር ነው?»

«ከስመኘው ጋር።»

ስመኘው መስማት እንደማይችል ሁሉም ያውቃል። አያ ምናለ ዱላቸውን ከአንዱ እጃቸው ወደ ሌላው አዛወሩ።

«ድምፅ አልነበረውማ» አሉ በመጨረሻ።

«አልነበረውም።»

ጥሩነሽ ከድንኳኑ ጀርባ ጭልፋ እንደያዘች መጣች። «እትዬ፣ ምነው ቢነግሩን? እኛም እኮ እንከፍት ነበር!»

«ብነግራችሁ እኔንም ትዘጉኝ ነበር» አልኳት።

ኃላፊው ጉዳዩ ስላልገባቸው ኢንጂነሯን በዓይናቸው ጠቀሷት። እሷ ግን ፒንሳውን ዝቅ አድርጋ ወደ እኔ መጣች።

«እማማ፣ ከመቁረጤ በፊት ለወንድምዎ ይደውሉለት። እጠብቅዎታለሁ።»

ሰዓቱ እኩለ ቀን ነበር። ስመኘው በዚህ ሰዓት ይሰፋል፤ ስልኩም መሳቢያ ውስጥ ነው። ይህን እያወቅሁ ደወልኩ። ስልኩን ጠረጴዛው ላይ፣ ኃላፊው ፊት አስቀመጥኩት። ሰው ሁሉ ተጠጋ። ሐጂ ሰይድ እንኳ ከማያፈስበት ቦታቸው ወጥተው ዝናቡ ትከሻቸው ላይ እየተንጠባጠበ ቆሙ። ስልኩ ጠራ። መጥራቱን ጨረሰና ቆመ። አያ ምናለ «ይድገሙት» አሉ። ደገምኩት። ጠራ። ጠዋት አንገቴ ላይ የተጠመጠመችው አልቃሽ ሴት ሳታውቀው «ያንሣ፣ ያንሣ» ትል ነበር። ስመኘው አላነሣም። የእኔ ሰዓት አመሻሽ ነው።

ስልኩን ቦርሳዬ ውስጥ ከተትኩ። «ቁረጪው» አልኳት።

ዕቃ ቤቱ ገባች። ከትልቁ ድስት በላይ አረንጓዴው መብራት ጠፋ። የዕቃ ቤቱን ቁልፍ ከአንገቴ አውልቄ አያ ምናለ ፊት ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩ፤ የድስቱም፣ የድንኳኑም ነበር። ቦርሳዬን አነሣሁ። ከአጥሩ ውጭ አያ ፈንቴ ፈረሳቸውን ገለል አድርገው አሳለፉኝ። የጫግኒ መኪና ወዳለበት ወደ መነኻሪያው ሄድኩ።